እግር የሌለው ትል

ባሌን በዘነዘና የመታሁት በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ነው። እሱ ቀድሞ በከዘራ ደጋግሞ መትቶኛል። እሱ ሲመታኝ ማንም ሽማግሌ አልጠራም፤ እኔ ስመታው ግን አገር ተሰበሰበ። ትከሻው ወልቆ ወደ ወጌሻ ሲወስዱት እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ አባቴ ቤት ወጣሁ። ቤታችን ከአንኮበር ዝቅ ብሎ ገደሉ አፋፍ ላይ ነበር። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ መምጣቴን አየና «ገደልሽው?» አለኝ። «የለም» አልኩት። «እንግዲያው ግቢ» አለኝ።

ጠላት ከወጣ አሥር ዓመት አልፎ ነበር። እናቴ ሞታለች፣ አባቴ ብቻውን ነው። አባቴ አናጢ ነው፤ በዙሪያው ካሉት ቤቶች የእሱ ምሳር ያልነካው ጥቂት ነበር። ሲቆጣ እጁ ላይ ያለውን ይወረውራል፤ መዶሻም ይሁን ሽብልቅ አይመርጥም። እኔም ቁጣዬን ከጎረቤት አልተዋስኩም። በአንድ ጣራ ሥር እንዴት እንዳልተገዳደልን ዛሬም ይገርመኛል።

ሥራ ፈትቼ መቀመጥ አልቻልኩምና መጋዝ ያዝኩ። ሴት መጋዝ ስትይዝ ያኔ አልታየም። ወደ ወንዝ ስወርድ «ባል ጠልታ መጋዝ አገባች» ይሉኛል። አንዷን በእንስራዋ ገፍትሬ ወንዝ ውስጥ ከጣልኳት ወዲያ ፊት ለፊት የሚለኝ ጠፋ።

አባቴ ግንድ ሲቀበል መጀመሪያ ጫፉን ይፈልጥና ውስጡን ያያል። ትል ካገኘ መዳፌ ላይ ያስቀምጥልኝና «ምንድን ነው?» ይለኛል። ከተሳሳትኩ የመሮውን እጀታ ጣቶቼ ላይ ያሳርፈዋል። በዚህ ዓይነት የተማሩት አይረሳም፤ ይኸው ሸምግዬም ጣቶቼ ያስታውሳሉ።

ለአባቴ ቁም ነገሩ ሁለት ትል ነበር። አንደኛው ወፍራምና ነጭ ነው፤ ሲነኩት እንደ ማጭድ ይታጠፋል። ራሱ ቡናማ ነው፣ ከራሱ ሥር ስድስት እግሮች አሉት፤ የበላው ነገር በቆዳው አልፎ በጭራው በኩል ጠቁሮ ይታያል። ይህ የሚገኘው ውሃ ገብቶበት በጣት በሚፈረፈር እንጨት ውስጥ ነው። አባቴ የፍሳሽ ትል ይለዋል። «እሱ ምስኪን ነው፤ ውሃ የገደለውን ሬሳ ነው የሚበላ» ይላል። የፍሳሽ ትል የተገኘበት ቤት ጥፋቱ የጣራው ነው።

ሁለተኛው እግር የለውም። ወደ ራሱ በኩል ሰፋ፣ ወደ ኋላው ጠበብ ይላል። መንጋጋው ጥቁር ነው፣ ብረት ነው ማለት ይቻላል። ደረቅና ጠንካራ እንጨት ይበላል፤ ያደቀቀውን ዱቄት ከኋላው ጠቅጥቆ እየሞላ ወደፊት ይሄዳል። ጆሮን እንጨቱ ላይ ለጥፈው ዝም ካሉ ሲቆረጥም ይሰማል። እናቱ ረጅም ቀንድ ያላት ጢንዚዛ ናት፤ እንቁላሏን የምትጥለው አዲስ በወደቀ ዛፍ ቅርፊት ስንጥቅ ውስጥ ነው። ዛፉ በወደቀ ሰሞን ከተላጠ መጣያ ታጣለች። ካልተላጠ ግን ልጇ ይገባል፣ ከገባ በኋላ ቅርፊቱ ቢነሳም ዓመታት ይቆያል። አባቴ የቅርፊት ትል ይለው ነበር። የቅርፊት ትል ከተገኘ ጥፋቱ ሳይላጥ የተወው ሰው ነው፣ ወይም እያየ የሠራበት አናጢ።

«ሰው ይዋሻል፤ ትል ግን አይዋሽም» ይል ነበር አባቴ። ጠላ ቤትም፣ ለቅሶ ቤትም፣ ዝክርም ላይ ይህንኑ ይደግማል። መንደሩ ሰልችቶት በቃሉ ይዞታል፤ ማንም ገበሬ «እግር ካለው ጣራ፣ ከሌለው አናጢ» ብሎ ይቀልድበት ነበር።

በዚያን ዓመት ክረምት ነፋስ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ አንድ ትልቅ ጥድ ጣለ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ ያ ጥድ ግን ወድቆም ምሳር አላየም። የታቦት ዛፍ ነውና ጭራሮውን የሚያነሳ እንኳ አልነበረም። ካህናቱና ምእመናኑ ምን ይሠራበት በሚለው ተጨቃጨቁ። መስቀልም፣ ጥምቀትም፣ ፋሲካም አለፈ። አባቴ በየሰንበቱ ሄዶ ቅርፊቱን በጣቱ ያንኳኳና ፊቱ ጠቁሮ ይመለሳል። አንድ ቀን ታገሠ ታገሠና የደብሩን አለቃ «ለምን ላይ እንደሚውል በኋላ ትነጋገራላችሁ፤ አሁን ይላጥ» አላቸው። «የታቦት ዛፍ ሳይጸለይበት ልብሱን አይገፈፍም» አሉት።

ሲጸለይበት ዓመት ሞልቶታል። የደጀ ሰላሙን ጣራ የሚሸከም አግዳሚ ይሁን ተባለ፤ ደጀ ሰላም ከግቢው በር ላይ ያለው፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ በኋላ ተቀምጦ የሚቀምስበት ቤት ነው። አባቴ እንደ ልማዱ ጫፉን ፈለጠ። አጠገቡ ነበርኩ። ከፍላጩ መሐል ነጭ ነገር ዱብ አለ፤ አንስቶ መዳፉ ላይ አየውና ጨበጠው።

«አባዬ፣ የቅርፊት ትል ነው» አልኩት።

በመዳፉ ጀርባ አፌን መታኝ። ከንፈሬ ተሰነጠቀ።

«ልቡ ደህና ነው» አለ። «የጥድ ልብ ትል አይበግረውም።»

የታቦቱን ዛፍ አልሠራበትም ቢል ምን እንደሚባል ያውቃል፤ ደግሞም ያ ሥራ ለሌላ አናጢ ሲሰጥ ቆሞ የሚያይ ሰው አልነበረም። ላጠው፣ ጠረበው፣ ሰቀለው። ሥራው ያምር ነበር፤ እውነቱን ልናገር፣ ከዚያ የሚያምር አግዳሚ አላየሁም።

በሦስተኛው ዓመት፣ በንግሥ ዕለት፣ ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ ደጀ ሰላም ተቀምጧል። እኔ ከሴቶቹ ጋር በሩ ላይ ነበርኩ። ከአግዳሚው ሥር የተቀመጠው ከበሮ መቺው ነበር፤ ሳቂታ ገበሬ ነው፣ ባለ መጋዟ እያለ በፊቴ ከሚቀልድብኝ ሁሉ የማልጠላው እሱን ብቻ ነበር። «ነይ፣ ባለ መጋዟ፣ ቁረሺ» ብሎ ዳቦ የያዘ እጁን ወደኔ ሲዘረጋ ከላይ ጠመንጃ የተተኮሰ መሰለኝ። አግዳሚው መሐል ለመሐል ተሰብሮ ወረደ። አቧራው ሲገለጥ ዘርግቶት የነበረው እጁ ዳቦውን እንደያዘ ነው። ራሱ ግን አልነበረም፤ ከእንጨቱ ሥር ነው።

ታናሽ ወንድሙ ከሌሎች ጋር ሆኖ እንጨቱን አነሳ። ያየውን አየ። ከዚያ ጫፉ ብረት የለበሰ ጅንፎ ዱላውን ይዞ ሰውን እየጠረመሰ ወደ አባቴ መጣ። የመጀመሪያው ምት የአባቴ ቀኝ ክንድ ላይ አረፈ፤ አጥንቱ ሲሰበር ደረቅ ቅርንጫፍ ሲሰበር የምሰማውን ድምፅ ሰማሁ። ሁለተኛው እዚያው ላይ ደገመ፣ አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጣ። ሦስተኛው ራሱን ሊለው ሲል የወንድምየው ጀርባ ላይ ዘልዬ ጆሮውን ነከስኩት። ደሙ አፌ ውስጥ ሞቀኝ። ጥርሴ ሲጋጠም ተሰማኝ፤ አልለቀቅኩም። ማን እንደሆነ እንጃ፣ በጠጉሬ ጎትቶ ወረወረኝ።

የወደቅሁት የተሰበረው አግዳሚ ጫፍ ላይ ነው። ፊቴ ከስብራቱ ስንዝር አይርቅም። ውስጡ ደረቅ ነበር። ቀዳዳዎቹ በዱቄት ተጠቅጥቀዋል፤ ከዱቄቱ መሐል ሦስት አራት እግር የሌላቸው ትሎች ይንፈራገጣሉ። ሰው እየጮኸ፣ ድንጋይ እየተወረወረ፣ አባቴ እየደማ፣ እኔ ተኝቼ ትል አየሁ። አባቴ ያንን ሰው እንደገደለው የዚያን ጊዜ አወቅኩ።

አባቴ እየተንፏቀቀ ሄዶ በግራ እጁ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ጨበጠ። ደወል የያዘ ሰው ከዚያ ግቢ እስካልወጣ አይነካም፤ የጥንት ሥርዓት ነው። ታናሽ ወንድምየው ከጠላት ዘመን የቀረ ምንሽር ጠመንጃውን ከቤቱ አምጥቶ ከበሩ ትይዩ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ግማሽ ጆሮው የለም፣ በጨርቅ ጠምጥሞታል። «ወጥቶ እስካገኘው ውሃ እንጂ እህል አልቀምስም» ብሎ ማለ። ሁለት ቀን እዚያው ዋለ አደረ። ወንድሙን ሲቀብሩ እንኳ ከመቃብሩ ቆሞ ዓይኑ ከአባቴ አልተነሳም።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ነገሩ ጎረቤላ ፖሊስ ዘንድ ሳይደርስ ይለቅ አሉ። አባቴ ከደወሉ ሥር ሆኖ «ጣራው ሲያፈስ ነው የከረመው» አለ። ይህም ሐሰት አልነበረም። የደጀ ሰላሙ ሣር ክዳን ለየቤተሰቡ የተከፋፈለ ነው፤ ከአግዳሚው በላይ ያለው የሟችና የወንድሙ ድርሻ ነበር። መክደኑ የታናሽየው ተራ ነው፤ በዚያ ዓመት ዛሬ ነገ ሲል ክረምቱ እንደቀደመው ሁሉም ያውቃል።

ታናሽየው ከድንጋዩ ላይ ዘሎ ተነሳ። «በሣር ነው የሚያመካኝብኝ?» ብሎ ጮኸ። «ይፈለጥ! ሲመጻደቅበት የኖረው ትል ይናገር!»

ሽማግሌዎቹ ተስማሙ። እግር የሌለው ከተገኘ ጥፋቱ የአናጢው ነው፣ «እኛ እጃችንን እናነሳለን» አሉ። እጃቸውን ሲያነሱ ምን እንደሚሆን ምንሽሩ ያስረዳል። እግር ያለው ከተገኘ ግን ጥፋቱ የጣራው ነው፣ የወንድምየውም ደም ፍለጋ ያበቃል። ነገ ጠዋት ይፈለጥ ተባለ። ማን ይፍለጥ ሲባል አባቴ ክንዱ የለም፣ ሌላ አዋቂ የለም። አንዱ ሽማግሌ «ሴት ለዳኝነት ምን አላት?» አሉ። ትልቁ ግን «ትሉን የምታውቅ እሷ ናት። የማየው ትሉን ነው፣ የእሷን መቀነት አይደለም» አሉ። ምነው ባዩት።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወደ ወንዙ ወረድኩ። እዚያ የበሰበሰ የኮሶ ጉቶ ነበር። በእጄ ፈረፈርኩትና ከውስጡ አራት ወፋፍራም ባለ እግር ትሎች አወጣሁ። ከርጥቡ ብስባሽ ጋር አድርጌ መቀነቴ ውስጥ ቋጠርኳቸው። አቀበቱን ስወጣ ሆዴ ላይ ይላወሱ ነበር። ያስጠላኝ ትሉ አልነበረም። አባቴን ለማዳን ሌላ መንገድ ቢኖር እሄድበት ነበር፣ ግን አልታየኝም።

ደጀ ሰላሙ ውስጥ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት፣ ሽብልቁን አግዳሚው ስንጥቅ ውስጥ ተከልኩና በምሳሩ ማጅራት መታሁት። እንጨቱ ተከፈተ። እግር የሌላቸው ተዘረገፉ። እግሬን የማደላድል መስዬ በተረከዜ ደፈጠጥኳቸው፤ ያመለጡትን በሽብልቁ ጫፍ ጨፈለቅኳቸው። አጎንብሼ ስለነበር የሚያዩት ጀርባዬን ነው። ከዚያ እጄን በመቀነቴ በኩል አሳልፌ ስንጥቁ ውስጥ ከተትኩና አወጣሁት። ትልቁ ሽማግሌ መዳፍ ላይ አስቀመጥኩላቸው። እንደ ማጭድ ታጠፈ።

«ስንት እግር አለው?» አሉ ሌላው።

ትልቁ ሽማግሌ ዓይናቸው ደክሟልና አስጠግተው ጮክ ብለው ቆጠሩ። ስድስት ሆነ።

ታናሽየው መጣ። ምንሽሩን ድንጋዩ ላይ ትቶታል። ትሉን ከመዳፋቸው አነሳና አየው፤ ቀና ብሎ ጣራውን አየ፤ ባልተከደነው በኩል ሰማይ ይታያል። ይሰድበኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ትሉን እጁ ውስጥ ጨፍልቆ በዚያው ጭብጥ የገዛ ፊቱን መታ። ደጋግሞ መታ። ከዚያ ሮጦ ግንባሩን ከግቢው በር የድንጋይ ካብ ጋር ያጋጨው ጀመር። «በሣር! ወንድሜን በሣር!» እያለ ነበር። አምስት ሰው ተረባርቦ ሲይዘው ቅንድቡ ላይ ያለው አጥንት ነጥቶ ይታይ ነበር።

አባቴ ከደወሉ ሥር ሁሉን አይቷል። ወጌሻው ክንዱን በቀርከሃ አስሮ ሲሄድ ብቻችንን ቀረን።

«ጥድ ውስጥ ባለ እግሩ ትል አይኖርም» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

ግራ እጁን አነሳ። ጉንጬን አዘጋጀሁለት። እጁን መልሶ አወረደው። ከዚያ ቀን ወዲህ አልመታኝም፤ ስለ ትልም ለማንም አላወራም። ክንዱ ጠምሞ ስለጠገገ ምሳር ዳግመኛ አልጨበጠም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

የሟች አርባ በወጣ በሳምንቱ ታናሽየው በራችን ላይ መጣ። ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል፤ ድንጋይ ተሸክሞ የመጣ ሰው ይቅር ካልተባለ አያወርደውም። የአባቴን ክንድ ስለ መስበሩ ይቅርታ ሊጠይቅ ነው። ደፋ ብሎ ቆመ፣ ድንጋዩ አንገቱን ልጦታል። አባቴ እኔን አየኝና «አንሺለት» አለኝ። ተነስቼ ያንን ድንጋይ አነሳሁለት። «ይቅር ለእግዚአብሔር» ያልኩትም እኔ ነኝ። እጄን ስሞ ሄደ። አፈርኩ፤ ከዚያ በፊት ማፈር ምን እንደሆነ የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

ድንጋዩን ግድግዳው ሥር አስቀመጥኩት። አሥር ዓመት እዚያው ተቀመጠ።

በአሥሩ ዓመት ውስጥ ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ። በየዓመቱ ግንቦት ሲገባ የደጀ ሰላሙን ክዳን ብቻውን ይከድናል፤ የራሱን ድርሻ ብቻ ሳይሆን የሁሉንም። ሣር ይዞ ሊረዳው የመጣውን በመሰላሉ እግር ያባርረዋል። የአጎቱን ልጅ ጥርስ አረገፈ። ሚስቱ ዱላው ሲበዛባት ልጆቿን ይዛ ሰላ ድንጋይ ወላጆቿ ዘንድ ገባች። ሰው «አጋንንት ነው» እያለ ጠበል ሊወስደው ያስባል። እኔ ግን የትኛው ትል እንደገባበት አውቃለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲሉ ስሰማ ከሰው መሐል ተነስቼ እሄድ ነበር።

አባቴ በሞተ በአርባው ማግስት ድንጋዩን ከግድግዳው ሥር አነሳሁ፣ ማጅራቴ ላይ አደረግሁና ወደ ደጀ ሰላሙ ሄድኩ። ሰውየው መሰላል ላይ ነበር። ድንጋዩን ሲያይ ወረደ። ያውቀዋል።

«ለምን?» አለኝ።

ነገርኩት። ስለ ጥዱ፣ ስለ ቅርፊቱ፣ ስለ ኮሶው ጉቶ፣ ስለ መቀነቴ ሁሉንም ነገርኩት። ተደፍቼ ስለምናገር የማየው እግሩን ብቻ ነው። ስጨርስ ድንጋዩን ከማጅራቴ አነሳው። ይቅር ያለኝ መሰለኝና ቀና አልኩ። ድንጋዩን ከራሱ በላይ ይዞታል።

«አሥር ዓመት» አለ።

ለቀቀው። ራሴን አልመታኝም፤ ቀኝ እግሬ ላይ ነው ያረፈው። አጥንቴን ሰማሁት። እንዴት አድርጌ እንደጮህኩ አላስታውስም፤ እሱ ግን ቆሞ ይሰማኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። ከዚያ ቁጢጥ አለና ጀርባውን ሰጠኝ። አዝሎኝ ወጌሻው ቤት ድረስ አቀበቱን ወጣ። ያ የነከስኩት ጆሮ ከአፌ ሥር ነበር፤ ጠባሳው ላይ ላብ ይወርዳል። ወጌሻው በር ላይ ሲያወርደኝ ብቻ ተናገረ።

«ሣሩን ግን አልከደንኩትም ነበር» አለ።

«ጋሼ፣ ሣሩ አይደለም እኮ ወንድምህን የገደለው!»

«አልከደንኩትም ነበር።»

ይቅር ሳይለኝ ሄደ። ከጉቶ አውጥቼ የሰጠሁት ትል የሐሰት ነበር፤ ያልከደነው ሣር ግን እውነት ነበር። ያንን መልሼ ላወጣለት አልችልም።

በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ሲገባ መሰላሉን ደጀ ሰላሙ ላይ ሲያቆም አየሁት። ሣር አጨድኩ፣ አሰርኩ፣ ተሸክሜ እያነከስኩ ከመሰላሉ ሥር ደረስኩ። ቁልቁል አየኝ። የመጀመሪያውን እስር ወደ ላይ አቀበልኩት፤ ተቀብሎ መልሶ ፊቴ ላይ ወረወረው። ሁለተኛውን አቀበልኩት። ይዞት ቆየና ከደነበት።